ኦቦ ረጋሳ ያልሰሙት ፎቶ

ጡረታ የወጣሁት ማክሰኞ ቀን ነው። ሰበታ ያለው ቅርንጫፍ ቢሯችን ሁለት ክፍል ብቻ ስለሆነ ሽኝቱ የተደረገው በሰፊዋ ክፍል፣ ጠረጴዛዎቹ ወደ ግድግዳ ተገፍተው ነበር። ኬክ ተቆረሰ፤ ለስላሳ ተከፈተ። ኃላፊያችን ሕይወት፣ ዕድሜዋ ከልጄ ዕድሜ ብዙም የማይርቅ፣ አጭር ንግግር አደረገችና አንድ ካርቶን አስረከበችኝ። ውስጡ ሚረርለስ የሚሉት አዲስ ካሜራ ነበር፤ ባልደረቦቼ አዋጥተው የገዙት።

«ጋሼ፣ እንግዲህ ያቺን ትንሿን ያሳርፏት» አለችኝ።

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ትንሿ ያኔም ደረት ኪሴ ውስጥ ነበረች። ከሲጋራ ፓኮ እምብዛም የማትበልጥ፣ ጠርዟ ላይ ብርማ ቀለሟ የተፋቀ የኪስ ካሜራ ናት። ዐሥራ ስድስት ዓመት አብራኝ ሠርታለች።

የጡረታ ወረቀቱ አራት ቢሮ አስዞረኝ፤ ስለ እሱ ይህ ይበቃል። ሲያልቅ ቤቴ ገባሁ። በማግስቱ ጠዋት እንደ ልማዴ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነስቼ፣ ተላጭቼ፣ ሸሚዜን ለብሼ፣ ጫማዬን ካሰርኩ በኋላ የምሄድበት እንደሌለ ትዝ አለኝ። ጫማውን ሳልፈታ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እስከ ምሳ ድረስ ስልኬ አልጮኸም።

ሠላሳ አንድ ዓመት ዘጋቢ ነበርኩ። ያን ሁሉ ዘመን አዲስ አበባን ከከበቡት ከተሞች አልወጣሁም። ሌሎቹ ዋናው ቢሮ ለመግባት ሲሻሙ እኔ ዙሪያው ተስማምቶኝ ቀረሁ። መጀመሪያ የተመደብኩት ሱሉልታ ነው።

ሱሉልታ ብርድ ነው። ጠዋት ጠዋት ሜዳው ላይ ውርጭ ይነጣል፤ በአስፋልቱ ዳር ሯጮች አፋቸው እየጨሰ ያልፋሉ፤ ድርቆሽ ከአናቱ በላይ የተጫነበት አይሱዙ ሽቅብ እያቃሰተ ወደ እንጦጦ ይወጣል። የመጀመሪያ ዜናዬ ስለ ድርቆሽ ዋጋ መናር ነበር። ያረሙልኝ ጋሽ ወርቁ የምንላቸው ነባር ዘጋቢ ናቸው። ከሃያ መስመር ዐሥራ አንዱን ሰረዙና «የቀረው እውነት ነው፤ ይሄዳል» አሉኝ።

ጋሽ ወርቁ ስለ ሙያው ቁጭ ብለው አስተምረውኝ አያውቁም። ሲሠሩ ማየት ነበር። የሚጽፉት በእርሳስ ነው፤ ዝናብ የነካው የእስክሪፕቶ ጽሑፍ ይፈስሳል፣ እርሳስ ግን ይቆያል። የሰው ስም ሲቀበሉ እስከ አያት ይጠይቃሉ፤ የጻፉትን ጮክ ብለው ያነቡለታል፤ ሰውየው ራሱን ሲነቀንቅ ብቻ ወደ ጥያቄው ይሻገራሉ። ያን ጊዜ ካሜራው የፊልም ነበር። አንዱ ፊልም ሠላሳ ስድስት ያነሳል፤ ጋሽ ወርቁ ሠላሳ ስድስቱን ለአንድ ወር ያብቃቁታል። ከማንሳታቸው በፊት፣ ሰውየው አንድም ይሁን መቶ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አሁን ነው» ይላሉ። የሚያለቅስ ሰው ፊት ከሆኑ ካሜራውን ካፖርታቸው ውስጥ ከትተው፣ ሰውየው ፊቱን እስኪጠርግ ወደ ሌላ አቅጣጫ እያዩ ይቆማሉ።

አንድ ክረምት ጎርፍ ቤቷን የወሰደባት ሴትዮ ዘንድ አብረን ሄድን። ሴትዮዋ የበሩን መቃን ብቻ ታቅፋ ታለቅስ ነበር። ጋሽ ወርቁ ካሜራውን ከተቱ። እስክትረጋጋ ብዙ ቆየን። በመጨረሻ የተነሳችው ፎቶ ነጠላዋን አስተካክላ እንደ ሠርግ እንግዳ ቀጥ ብላ የቆመችበት ነው። ዋናው ቢሮ ያለው አለቃችን በስልክ ጮኸባቸው። እኔም መኪና ውስጥ ዝም ማለት አቅቶኝ፣ ያ ፎቶ ቢነሳ ሕዝብ ይረዳት ነበር አልኳቸው። ጋሽ ወርቁ እርሳሳቸውን በምላጭ እየቀረጹ ነበር።

«ቤቷን ጎርፍ ወሰደባት» አሉ። «ፊቷን ደግሞ እኔ ልውሰድባት?»

ጡረታ ከወጡ በኋላ ብዙም አልቆዩም። ቀብራቸው ላይ ከቢሮ የተገኘነው ሁለት ሰዎች ነን።

ከሱሉልታ ወደ ቡራዩ ተዛወርኩ። ቡራዩ ላይ አለቃዬ በስልክ ድምፁ ብቻ የማውቀው ሰው ነበር፤ ከሁሉም ዜና ጋር «ሰው ያለበት ፎቶ» ይላል። የቢሮው ትልቅ ካሜራ ደግሞ አንድ ነው፤ እሱም አዲስ አበባ ነው ያለው። ፎቶ አንሺው እስኪመጣ ዜናው ያረጃል። በዚህ የተነሳ ለየቅርንጫፉ አንዳንድ የኪስ ካሜራ ታደለ፤ ለእኔ የደረሰችኝ ያቺው ትንሿ ናት።

ትንሿን ሰው አይፈራትም ነበር። ትልቅ ካሜራ ያዩ ሰዎች ወይ ይሸሻሉ ወይ ይሰለፋሉ። ትንሿን ከኪሴ ሳወጣ የሚያዩኝ ሰዎች ግን የእህቴን ልጅ ልደት የማነሳ ይመስላቸዋል። ቡራዩ አንድ ትምህርት ቤት የክፍል ጣሪያ ረግቦ ተማሪዎች በአንድ ጥግ ተጠጋግተው ይማራሉ ተባለ። ርዕሰ መምህሩ ነገ ና፣ ከነገ ወዲያ ና እያለ አመላለሰኝ። በወላጆች ስብሰባ ቀን ከወላጆች ጋር ገባሁና ጣሪያውንም ልጆቹንም አነሳሁ። ፎቶው ጥራት አልነበረውም፤ ክፍሉ ጨለማ ነው፣ የፍላሿ ብርሃን ከሁለተኛው ወንበር አላለፈም። ጋዜጣው ላይ ከሁለት ዓምድ በላይ ቢሰፋ ይደበዝዛል ተብሎ በትንሹ ወጣ። ጣሪያው ክረምት ሳይገባ ተሠራ። በሥራ ዘመኔ ከጻፍኳቸው ሁሉ ትልቁ ዜና አይደለም፤ የምኮራበት ግን እሱ ነው።

የቡራዩ የድንጋይ ካባ አቧራ ለካሜራዋ ጠላት ነበር። ስትከፈት ሌንሷ እየጮኸ የሚወጣበት ቀዳዳ ውስጥ ይገባና ግማሽ መንገድ ላይ ያስቀራታል። የሕፃን ልጅ ጆሮ የሚታጠብበትን ጎማ ከፋርማሲ ገዝቼ አቧራውን እነፋበት ነበር። ይህን የተማርኩት ከማንም አይደለም፤ ሦስት ጊዜ ማስጠገን ሰልችቶኝ ነው።

ሰበታ የመጣሁት በመጨረሻ ነው። ባለቤቴ ያረፈችው በመጣን በአራተኛው ዓመት ሲሆን ልጄ ሐዋሳ አግብታ ትኖራለች፤ እሁድ እሁድ ትደውላለች። ኦቦ ረጋሳን ያገኘሁት እዚሁ ሰበታ ነው።

ኦቦ ረጋሳ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ። የተወለዱት ተጂ አጠገብ ነው፤ ገና በልጅነታቸው ዓይናቸው ጠፋ። ሰበታ ወዳለው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት መጥተው ተማሩና እዚያው ከተማ ሥራ ይዘው ቀሩ። ለፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ስደውል የሚያነሱት እሳቸው ናቸው። ሁለተኛ ጊዜ ስደውል ገና ስሜን ሳልናገር «ጋዜጠኛው፣ ዛሬ ጉንፋን ይዞሃል፤ ሥራ አስኪያጁም የሉም» አሉኝ። እንዲህ ተዋወቅን። ጡረታ ሲወጡ ስለ እሳቸው አጭር ጽሑፍ አወጣሁ፤ ለፎቶውም ቤታቸው ሄድኩ።

ፎቶ ሲነሱ ሥርዓት አላቸው። የሸሚዛቸውን የአንገት ቁልፍ ይቆልፋሉ። ጥቁር መነጽራቸውን ከማኅደሩ አውጥተው ያደርጋሉ። ፊታቸውን ወደ ድምፄ ያዞሩና «በል» ይላሉ። ትንሿ ካሜራ ፎከስ ስትይዝ ሁለት ጊዜ ጢጥ ጢጥ ትላለች፤ ስታነሳ ደግሞ «ቸክ» የሚል ድምፅ ታሰማለች። ጢጥ ጢጡን ሲሰሙ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፤ «ቸክ» ሲል ይለቃሉ። ከዚያ ባለቤታቸው እማማ ብርቄ መጥታ በካሜራዋ ጀርባ ፎቶውን አይታ ትፈርዳለች።

«አገጩ ወደ ታች ነው፤ ድገመው» ትለኛለች። ለእሳቸው ደግሞ፣ «አንተኮ ካሜራ ላይ ታምራለህ፣ የምትከፋው ቤት ውስጥ ነው።»

«ምስክሬ አንቺ ብቻ ነሽ» ይሏታል። «ዋሽተሽኝ ከሆነ እዚያ ቤት ትጠየቂበታለሽ።»

በየበዓሉ ሁለቱን ማንሳት ልማድ ሆነ። አንድ ቀን መነጽሩን ለምን ሁልጊዜ እንደሚያደርጉ ጠየቅኋቸው። ልጅ ሳሉ ተጂ ገበያ ላይ አንዲት ሴት ዓይናቸውን አይታ የራሷን ልጅ ፊት በሻሿ ሸፈነች። እሳቸው አላዩትም፤ አብሯቸው የነበረ ወንድማቸው ነው የነገራቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ ዓይናቸውን ገልጠው ሰው ፊት ወጥተው አያውቁም። ያለ መነጽር የምታውቃቸው ብርቄ ብቻ ናት። ይህን ሲነግሩኝ እየሳቁ ነበር፤ እኔ ግን እንደ ዘጋቢ ሳዳምጥ፣ ቀልድ እንዳልሆነ ገብቶኛል።

እማማ ብርቄ ያረፈችው ጡረታ ልወጣ ዓመት ሲቀረኝ ነው። ከዚያ በኋላ ጫልቱ የምትባል የወንድማቸው ልጅ መጥታ ከእሳቸው ጋር መኖር ጀመረች። ቡራዩ አንድ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች፤ ጠዋት ወጥታ ማታ ትገባለች፤ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነች። እኔ ረቡዕና ቅዳሜ ከሰዓት እሄዳለሁ። በሩን ገፋ ሳደርግ «አካም ጅርታ፣ ጋዜጠኛው» ብለው በኦሮምኛ ሰላም ይሉኛል፤ በእግሬ አረማመድ ነው የሚያውቁኝ። ሬዲዮ እናዳምጣለን። እውነቱን ለመናገር ከእሳቸው ሌላ የምሄድበት ቤት አልነበረኝም።

አዲሱን ካሜራ ሳገኝ እንደ ዜና ልመረምረው ወሰንኩ። ደብተር ገዛሁ፤ ገጹን ለሁለት ከፍዬ በግራ ትንሿን፣ በቀኝ አዲሱን ትልቁን ጻፍኩ። ያንኑ ግድግዳ፣ ያንኑ ሰዓት፣ ያንኑ ሰው በሁለቱም ለማንሳት ነው። ሰውየው ኦቦ ረጋሳ ሆኑ። እንዳይሰለቹ ፈርቼ ነበር፤ እሳቸው ግን «ቁጭ ማለት አይደል? ለእሱማ ጎበዝ ነኝ» አሉ።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። የድሮዎቹ ትልልቅ ካሜራዎች ውስጣቸው መስታወት አለ፤ ሲያነሱ እየተገለበጠ ይንኳኳል። ይህ አዲሱ መስታወት የለውም። ዓይኔን ቀዳዳው ላይ ሳደርግ የማየው ከማንሳቴ በፊት ፎቶው ምን እንደሚመስል ነው፤ ጨለማ ከሆነ ጨለማውን፣ ብርሃን ከበዛ ብዛቱን። ትንሿ ላይ ፀሐይ ካለ ስክሪኑ አይታይም፤ በግምት ነበር የማነሳው። ትንሿ ቁልፏ ተጭኖ እስክታነሳ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ይገልጣል፤ ትልቁ ገና ሳስበው ያነሳል። በአንጻሩ ትልቁ ባትሪ ይበላል፤ ሌንሱ ሲቀየር አቧራ ይገባበታል፤ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬው መንገድ ስወጣ ሰው ሁሉ «ከየትኛው ቴሌቪዥን ነው?» ይለኛል። ሌላም አለው፤ የሰው ዓይን ይፈልጋል። ፊት ሲያይ ትንሽ አረንጓዴ ሳጥን ዓይኑ ላይ ያርፍና የትም ቢዞር ይከተለዋል። በኦቦ ረጋሳ መነጽር ላይ ግን ሳጥኑ ግራ ገብቶት ከግንባር ወደ ጉንጭ ይዘል ነበር።

መመሪያውን ሳነብ ድምፁን ጨርሶ ማጥፋት እንደሚቻል አየሁ። አጠፋሁት። ደብተሩ ላይ በቀኝ በኩል «ድምፅ የለውም» ብዬ ከጥቅሞቹ መካከል ጻፍኩት።

በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳቸው ላይ ተቀመጥን። በትንሿ ጀመርኩ። ቁልፋቸውን ቆለፉ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ «በል» አሉ፤ ጢጥ ጢጥ፣ «ቸክ»። አራት አነሳሁ።

«ጨረስክ?» አሉኝ።

«ትንሿን ጨርሻለሁ። ትልቁን እያዘጋጀሁ ነው» አልኩ። በዚያች ደቂቃ እውነት ነበር።

መነጽራቸውን አወለቁና በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጉት ጀመር። ጠርገው ሲጨርሱ አላደረጉትም፤ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ነፋስ የወጥ ቤቱን በር ገፋው፤ በሩ ሲጥጥ አለ። ኦቦ ረጋሳ ወደዚያ ዞሩ። ጫልቱ ከሱቅ ገና አልተመለሰችም፤ ቤት ውስጥ ማንም የለም። እሳቸውም ይህን ያውቃሉ። ፊታቸው ግን አንድ ሰው ከወጥ ቤት ሲወጣ እንደሚጠብቅ ሰው ሆነ፤ ከንፈራቸው ሊናገር ተከፈተና ቆመ። አረንጓዴው ሳጥን ዓይናቸው ላይ አረፈ። ካሜራው የሚያይ ዓይንና የማያይ ዓይን አይለይም። ተጫንኩ። ምንም አልተሰማም። ሰባት ጊዜ ተጫንኩ።

ከዚያ መነጽራቸውን አደረጉና «በል እንግዲህ፣ ተዘጋጅቻለሁ» አሉ። ሁለት ሌላ አንስቼ «ጨርሰናል» አልኳቸው።

በሥራ ዘመኔ ሰውን ሳያውቅ አንስቼ አላውቅም ነበር። እንዴት እንደሆነ ብዙ አስቤበታለሁ። ከጋሽ ወርቁ ከተለየሁ በኋላ እኔም «አሁን ነው» እል ነበር። ትንሿ ካሜራ ስትመጣ ጢጥ ጢጧ ስለ እኔ ይናገርልኝ ጀመር፤ ቀስ በቀስ እኔ ማለቱን ተውኩ፤ መተዌንም አላስተዋልኩም። ዐሥራ ስድስት ዓመት ጠንቃቃ ሰው መስዬ የኖርኩት ካሜራዋ ስለምትጮህ ነበር። ይህ ግን ማብራሪያ እንጂ ማስተባበያ አይደለም። የመጀመሪያው ፎቶ ከእጄ አመለጠ ብል ያስኬዳል፤ ስድስቱ አላመለጡም።

ማታ ኮምፒውተር ላይ ሳያቸው አምስተኛው በሕይወቴ ካነሳሁት ሁሉ የሚበልጥ ነበር።

በቀጣዩ ማክሰኞ ሕይወት ደወለች። ከሽኝቱ ወዲህ ከቢሮ የተደወለልኝ የመጀመሪያ ስልክ ነው። ቡራዩ አንድ አዳራሽ ውስጥ የአካባቢው ዘጋቢዎች ያነሷቸው ፎቶዎች ሊታዩ ነውና ከእኔም አንድ ትፈልጋለች። እስከ ዓርብ ጊዜ ነበረኝ፤ ሦስት ቀን። የኦቦ ረጋሳ ቤት ከቤቴ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። በመካከሉ ያለው ረቡዕ እንደ ወትሮው ሄጄ፣ አብሬያቸው ሬዲዮ ሰምቼ፣ ስለ ፎቶው ሳልናገር ተመለስኩ። እምቢ ይሉኛል ብዬ ነው። ዓርብ ጠዋት ላክሁት። ስማቸውን አልጻፍኩም፤ «ጡረተኛ፣ ሰበታ» ብቻ አልኩ፤ ያ እንደሚጋርዳቸው ያህል።

በመክፈቻው ቀን ቡራዩ ሄድኩ። ሰው በሌሎቹ ፎቶዎች አጠገብ እያለፈ እዚያኛው ላይ ይቆም ነበር። ድሮ በስልክ ድምፁን ብቻ የማውቀው አለቃዬ ሸብቶ፣ ከዘራ ይዞ መጥቶ እጄን ጨበጠኝ። «ይሄን ሁሉ ዘመን የት ደብቀኸው ነበር?» አለኝ። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህን አልደብቅም። ሁለት ሚኒባስ ቀያይሬ ሰበታ ስደርስ የምነግረው ሰው ፈለግሁ። ልነግረው የምፈልገው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ለእሱ ደግሞ መንገር አልችልም።

በሚቀጥለው ረቡዕ በሩን ገፋ ሳደርግ ሰላምታ አልመጣም። ኦቦ ረጋሳ በረንዳው ላይ መነጽራቸውን አድርገው ተቀምጠዋል፤ ሬዲዮው ጠፍቷል። «አካም ጅርቱ» አልኩ።

«ተቀመጥ» አሉኝ በአማርኛ። ተቀመጥኩ። «ጫልቱ ቡራዩ ግድግዳ ላይ አየሁዎት አለችኝ።»

«እውነት ነው።»

«መነጽር አድርጌያለሁ?»

«አላደረጉም።»

«በየትኛው ካሜራ ነው?»

«በትልቁ።»

«አልሰማሁትም።»

«ድምፁን አጥፍቼው ነበር።»

ጣታቸው የጋቢያቸውን ጥለት እየቆጠረ ይሄድ ነበር። ከዚያ «ምን እንዳለበት ንገረኝ» አሉ። «እንደ ዜና አድርገህ። አታሳምርልኝ።»

ነገርኳቸው። ከወገብ በላይ እንደሆነ፣ ብርሃኑ ከግራ እንደሚመጣ፣ መነጽሩ ጉልበታቸው ላይ እንዳለ፣ ግራ ዓይናቸው ነጭ ሆኖ እንደሚታይ፣ ቀኙ በግማሽ እንደተከደነ፣ አፋቸው በትንሹ እንደተከፈተ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያየሁትን ስናገር ኖሬያለሁ፤ እንደዚያን ቀን ከብዶኝ አያውቅም።

«ወዴት ነው የዞርኩት?»

«ወደ ወጥ ቤቱ በር።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ማንን ይጠብቁ እንደነበር እኔም አልጠየቅሁም፤ እሳቸውም አልሸሸጉኝም።

«በዚያ ፊቴ የምታውቀኝ ብርቄ ብቻ ነበረች» አሉ። «አሁን ቡራዩ በሙሉ አወቀኝ።»

ይቅርታ ጠየቅሁ። ስንት እንደሆኑ ጠየቁኝ። ካሜራው ውስጥ ሰባት፣ ኮምፒውተሬ ውስጥ ሰባት፣ ግድግዳው ላይ አንድ፣ ሕይወት ጋ አንድ አልኳቸው። ካሜራውን አምጣ አሉኝ። ቤቴ ሄጄ አመጣሁና እጃቸው ላይ አደረግሁት። ሌንሱን፣ ማንገቻውን፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ።

«ሲጠፋ ይጮኻል?»

«አይጮኽም።»

«ታዲያ መጥፋቱን በምን አውቃለሁ?»

«በእኔ ቃል ብቻ ነው።»

«እሱንማ ያን ቅዳሜም ይዤው ነበር» አሉ።

አውራ ጣታቸውን ማጥፊያው ላይ አደረግሁላቸው። ለአንዱ ሁለት ጊዜ መጫን አለበት፤ አንዴ ለማጥፋት፣ አንዴ ለማረጋገጥ። ይጫናሉ፣ «ጠፋ?» ይላሉ፣ «ጠፋ» እላለሁ። ሰባት ጊዜ እንዲህ ተባባልን። በአምስተኛው ላይ ድምፄ የተለወጠ ይመስለኛል፤ ጣታቸው ለአፍታ ቆሞ ነበር። ከዚያ ቀጠሉ።

በማግስቱ ቡራዩ ሄጄ ፎቶውን ከግድግዳው አወረድኩ። ሕይወት ተከራከረችኝ። «ጋሼ፣ ሰው የሚመጣው እሱን ሊያይ እኮ ነው» አለች። አውቃለሁ አልኳት። እሷ ጋ ያለውንም ዓይኔ እያየ አጠፋች። ኮምፒውተሬ ውስጥ ያሉትን ሰባቱን ቤቴ ገብቼ ብቻዬን ሰረዝኩ። አምስተኛው ላይ አልቆየሁም፤ ብቆይ እንደማልሰርዘው አውቅ ነበር።

ቅዳሜ የታተመውን ፎቶ ጠቅልዬ ወሰድኩላቸው። ወረቀቱን በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ ለስላሳ ነው፣ ምንም አይነግራቸውም። ጫልቱ ከሱቅ ተመልሳ ነበር፤ ጠሯት።

«ጫልቱ፣ እሱ ራሱ ነው?»

«እሱ ነው አባባ» አለች፣ ወደ እኔ ሳታይ።

ስለ ፎቶ ምስክር ሲጠይቁ የሰማሁት ብዙ ጊዜ ነው፤ በእኔ ላይ ሲጠይቁ ያ የመጀመሪያው ነበር። ወረቀቱን ሰጧት፤ ወጥ ቤት ይዛው ገብታ ምድጃ ውስጥ ጨመረችው። የላስቲክ ሽታ በረንዳው ድረስ መጣ። ኦቦ ረጋሳ ሽታው እስኪጠፋ ጠበቁና ሬዲዮውን ከፈቱ። ኳስ ነበር። እስኪያልቅ ሰማን።

አሁንም ረቡዕና ቅዳሜ እሄዳለሁ። አላባረሩኝም። የኳስ ዳኞችን አብረን እንሳደባለን፤ ስለ ፋብሪካው የድሮ ሥራ አስኪያጆች ያወራሉ፤ አንዳንዴም ይስቃሉ። እሳቸው ዘንድ ካሜራ ይዤ ሄጄ አላውቅም፤ ትልቁንም ትንሿንም። ይህንን ነግሬያቸዋለሁ፤ የሚያምኑኝም ይመስለኛል።

ይሁንና በሩን ገፋ ሳደርግ ከወንበራቸው ተነስተው ይመጣሉ። ቀኝ እጃቸው መጀመሪያ አንገቴ ላይ ያርፋል፤ ማንገቻ ይፈልጋል። ከዚያ ወደ ደረቴ ይወርዳል፣ ከዚያ በሁለቱም ጎኔ። ፋብሪካ በር ላይ ሠራተኛ እንደሚፈተሸው ነው፤ ቀስ ብለው፣ ያለ ቁጣ። እኔም እጆቼን ዘርግቼ እጠብቃለሁ። ሲጨርሱ «ግባ» ይሉኛል።